ስምንት ቋጠሮ የበርበሬ ዘር

ኡሙልኸይርና እኔ በር ለበር ነን። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሷ በር ሲከፈት ሳሎኗ ለኔ ይታያል፤ የኔ ሲከፈት ለሷ። እንዲህ ሆነን አሥራ አራት ዓመት አልፎናል። ስለሷ የምናገረው ከሰው ሰምቼ አይደለም ለማለት ነው። ደግሞም በጥፋቱ ውስጥ የኔ እጅ አለበት። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ከልደታ ማርያም ጀርባ ትንሽ የበርበሬና የቅመም ሱቅ አላት። ቅዳሴ ሲወጣ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ደጃፏ ላይ ይሰበሰቡና "ኡሙዬ፣ የዛሬው የየት አገር ነው?" እያሉ ያደክሟታል። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "የወንድሜ ነው።" ወንድሟ ረሻድ ስልጤ ውስጥ፣ ከወራቤ ወዲያ ባለ ገጠር በርበሬ ያመርታል። ጎረቤቶቹም እንደሱው ናቸው። ደረቁን ዛላ በከረጢት ይልኩላታል፣ እሷ ትሸጥላቸዋለች። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ ስፈታ ሱቋ በራፍ ላይ ቁጭ ብዬ ዛላ እቀነጥስላታለሁ፤ ለወሬው ብዬ እንጂ ለመርዳት ነው ብል ውሸት ነው።

ካለፈው ሁለት ዓመት ወዲህ ግን በርበሬው ታመመ። ቅጠሉ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይወጣና ይረግፋል፤ ዛላው እከክ የያዘው ይመስላል። በሁለተኛው ዓመት ረሻድ የላከው ከወትሮው ሲሶ እንኳ አይሞላም ነበር። ኡሙልኸይር ከረጢቱን ፈታ የታመመውን ከጤነኛው ስትለይ፣ የታመመው ክምር ሲበልጥ አይቻለሁ። ያን ዕለት ምሳ አልበላችም።

ከደንበኞቿ መካከል የግብርና ባለሙያ የሆነ አንድ ሰው ነበር። ዛላውን አገላብጦ አየና ነገሩን ገለጠላት። በሽታው ከዘሩ ጋር ነው የሚዞረው። ገበሬው ከታመመ ዛላ ዘር ያወጣል፣ ያንኑ መልሶ ይዘራል፣ በሽታውንም አብሮ ይዘራዋል። መድኃኒቱም ሙቅ ውሃ ነው። ዘሩ የችግኝ መደብ ላይ ከመዘራቱ በፊት ሃምሳ ሁለት ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለሠላሳ ደቂቃ ይቀመጥና ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ጥላ ላይ ይደርቃል። ውሃው ከሃምሳ ከወረደ በሽታው ይተርፋል። ሃምሳ አምስትን ካለፈ ዘሩ ይሞታል። ሠላሳ ደቂቃም ማለት ሠላሳ ደቂቃ ነው።

ኡሙልኸይር ጨው እንኳ በማንኪያ ለክታ የማታውቅ ሴት ናት። ይቺው ሴት ከሜክሲኮ ወዲያ የላብራቶሪ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ረጅም የመስታወት ቴርሞሜትር ገዝታ መጣች። በሽንኩርትና በሹሮ ፈንታ ባዶ ውሃ ጥዳ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተለማመደች። ምድጃው መቼ እንደሚጠፋ፣ መቼ እንደሚበራ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በስንት ጭልፋ እንደሚመለስ አጠናች። እኔ ስስቅባት "ሳቂ፣ ሳቂ" ትለኛለች፣ ዓይኗን ከቴርሞሜትሩ ሳታነሳ።

ገጠር ይሄ አይቻልም። በእንጨት እሳት ላይ ሃምሳ ሁለት ዲግሪን ማን ይይዘዋል? ስለዚህ "ዘራችሁን ላኩልኝ፣ እዚሁ አክሜ እመልሰዋለሁ" ብላ በስልክ አንድ ወር ሙሉ ለመነቻቸው። ዘር ቀቅለሽ ልትመልሺልን ነው እያሉ ቀለዱባት፤ እሷ ግን አልተወቻቸውም። በመጨረሻ ስምንት ቤተሰብ እሺ አለ። ፈጥና እሺ ያለችው ቢልቂስ ነበረች።

ቢልቂስ የታላቅ እህቷ ልጅ ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ እዚሁ ኡሙልኸይር ቤት አድጋ፣ እዚሁ ተምራ፣ ከዚሁ በር ነው ተድራ የወጣችው። በሠርጓ ዋዜማ እጇን ሒና ሲቀቧት ጥጥና ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ከረሻድ ማሳ አጠገብ ባለች ቁራሽ መሬት በምታበቅለው በርበሬ ነው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ረሻድ ስምንቱን ቋጠሮ ይዞ መጣ። የመጣው ለዘሩ ብቻ አይደለም። የኡሙልኸይር ባል ነስረዲን ሆዱን ተቀዶ ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን ስለነበር አማቹን ለመጠየቅም ነው። እሁድ ረሻድ ለራሱ ጉዳይ መርካቶ ወጣ፤ ሰኞ ማለዳ ዘሩን ይዞ ይመለሳል። መደቡ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ለስልሶ እየጠበቀ ነበር። ችግኙ ክረምቱ ሲገባ ለማሳ መድረስ አለበት፤ በመደብ የዘገየ ሰው ዓመቱን ሙሉ ዘገየ ማለት ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ኡሙልኸይር ድስቷን ጣደች። የየቤቱ ዘር እንዳይቀላቀል በስስ ጨርቅ ቋጥራ፣ በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ቁልፍ ሰፍታበታለች፤ ነስረዲን ልብስ ሰፊ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ቁልፍ አይጠፋም። ውሃው ሃምሳ ሁለት ሲሞላ ስምንቱንም ከተተች። ሰዓቷን አየች። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

ያንኳኳነው እኛ ነን።

ጋሽ ፍሰሐ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። አራት ፎቅ በከዘራቸው ቆጥረው ወጥተው፣ በየፎቁ አርፈው፣ በሽተኛ ለመጠየቅ መጡ። ከኋላቸው እኔና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ብርቱካንና ጭማቂ ይዘን ተከትለናል። እኔ ዘሩ በዚያ ቀን እንደሚታከም አላውቅም ነበር። ነስረዲን ከትራስ ቀና አለ፣ እኛ ሶፋው ላይ ተደረደርን፣ ጋሽ ፍሰሐ ስለራሳቸው የሆድ ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ኡሙልኸይር ትንሽ ተቀምጣ ተነሣች።

"የት ነው?" አሉ ጋሽ ፍሰሐ።

"ማድ ቤት ነው፣ መጣሁ።"

"ተይ ልጄ፣ እኛ ልንበላ አልመጣንም። ጾምም ነው።"

ተቀመጠች። ለካ ሃያ ደቂቃ ቀርቷት ነበር። እንደገና ስትነሣ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። "አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኛ ሻይም አንፈልግ፣ ምንም አንፈልግ" ብዬ ወደ ሶፋው ሳብኳት። ቀልድ አድርጌው ነበር፤ ሌሎቹም ሳቁ። ዓይኗ ወደ ማድ ቤቱ ሲሄድ አይቻለሁ። የሚቀርብ ነገር አጥታ አፍራ መሰለኝ፣ ስለዚህ እጇን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

በሦስተኛው "ድስት ጥጃለሁ" አለች። እውነቷን ተናገረች እኮ፤ ግን እንዲህ ያለ እውነት እንግዳ ፊት ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ፍሰሐ ከዘራቸውን አነሡ። "እንግዲያውስ ልታስቸግሪ ከሆነ እኛ እንሄዳለን" አሉ፣ ግማሽ ተነሥተውም ቆሙ። አራት ፎቅ በከዘራ የወጡ ሽማግሌ ተቀይመው ሊሄዱ ነው። የታመመ ባሏ ከትራሱ ላይ ሆኖ በዓይኑ ቆጣት። ተቀመጠች።

ከዚያ ምርቃቱ ነበር። የጋሽ ፍሰሐ ምርቃት አጭር ሆኖ አያውቅም፤ አሜን እየተባለ ደግሞ ተነሥቶ አይወጣም። እኛ ስንወጣ ኡሙልኸይር እስከ ደረጃው እንኳ አልሸኘችንም፤ "ምን ነክቷት ነው?" ብዬ ቅር አለኝ። ቅር ያለኝ እኔን ነው። ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

ድስቱ ጋ ስትደርስ ቴርሞሜትሩ ስልሳ አራት ይላል። ዘሩ ከገባ ሃምሳ ደቂቃ አልፎታል።

ያን ማታ ረሻድ ከመርካቶ ሲመለስ ዘሩ በየቁልፉ ተለይቶ ጠረጴዛው ላይ ተሰጥቶ አገኘው። ዘር ቢሞት መልኩ አይለወጥም፤ ያው ቢጫና ጠፍጣፋ ነው። "አላህ ይስጥሽ፣ አገር ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው" አላት። አፏ ድረስ መጥቶ ነበር አለችኝ በኋላ። ግን ወር ሙሉ ለምና ያስመጣችውን ሰው፣ አልጋ ላይ ያለ ባሏ እየሰማ፣ በምን አፏ ዘራችሁን ቀቀልኩት ትበለው? ደግሞም ልቧ "ምናልባት አልሞተ ይሆናል" ይላታል። ሰኞ ማለዳ ቋጠሮዎቹን ሻንጣው ውስጥ በእጇ ከተተችለት።

ከሰኞ በኋላ ያየኋት ኡሙልኸይር ሌላ ሴት ናት። ሱቅ ውስጥ ሰው ሲያናግራት አትሰማም። ሚዛን ላይ በርበሬ አድርጋ እዚያው ትረሳዋለች። ስልኳ ሲጮኽ አንስታ ስሙን ታይና በግንባሩ ትደፋዋለች። እኔ መጀመሪያ ነስረዲን ባሰበት ብዬ ደነገጥኩ። በስድስተኛው ቀን ቤቷ ገብቼ ፍሪጁ ላይ፣ ሙቀት ባለበት በኩል፣ በላስቲክ የተሸፈነ ሳህን አየሁ። ውስጡ እርጥብ ሶፍት ላይ የተደረደረ የበርበሬ ዘር ነው፤ ከየቋጠሮው አሥር አሥር፣ በድምሩ ሰማንያ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

በሩን ዘጋችና ነስረዲን እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነገረችኝ። እጇን ስይዛት ዘሩ ድስት ውስጥ እንደነበር ስትነግረኝ ግን አላየችኝም፤ ሳህኑን ነበር የምታየው።

"ለምን ትተሽን አልሄድሽም?" አልኳት። ሰው ጥፋቱን ሲያውቅ የሚናደደው በተበደለው ነው።

"ይዘሽኝ ነበራ" አለች።

ምን ይባላል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል፤ እኔ ግን የብብቷን ያስጣልኳት እኔ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ከራሴ ደረቅ ዛላ አሥር ዘር አወጣሁና በሌላ ሳህን ላይ፣ በሌላ እርጥብ ሶፍት ላይ ደርድሬ ከሷው ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩ። የበርበሬ ዘር ሰነፍ ነው፤ ለመብቀል ስምንትም አሥርም ቀን ይፈልጋል። የኔ በቅሎ የሷ ከቀረ ቁርጡ ይታወቃል ብዬ ነው። እሷ "የኔ ስድስት ቀን ይቀድማል" አለችና ትንሽ ተስፋ አደረገች።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ሳህን መክፈት ሆነ። ጠዋት እሷ ትከፍታለች፣ ቀትር ላይ እኔ እከፍታለሁ፣ ማታ አብረን። ሶፍቱ እንዳይደርቅ በጣታችን ውሃ እናንጠባጥባለን። አንድ ቀን "ነጭ ነገር አየሁ" ብላ ከሱቅ ድረስ ጠራችኝ፤ ሮጬ ሄድኩ፤ የሶፍት ብናኝ ነው። ሌላ ቀን ሻጋታ ሆኖ ይገኛል። ሰላቷን ስትጨርስ ተነሥታ አትሄድም፤ ምንጣፏ ላይ ቁጭ ብላ ትቀራለች። እኔም ሕማማት ነው እያልኩ ስሰግድ አእምሮዬ ፍሪጅ ላይ ነው።

ረሻድ በየሁለት ቀኑ ይደውላል። ዘሩ በመጣ ማግስት መደብ ላይ ተዘርቷል። አንድ ጊዜ ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሣችና "ደህና ናችሁ? ውሃ አለ? ፀሐዩስ?" ብላ ስለ ሁሉም ጠይቃ ስለ ዘሩ ሳትጠይቅ ዘጋች።

የኔዎቹ በዘጠነኛ ቀናቸው አፋቸውን ከፈቱ። መጀመሪያ ሁለት፣ ማታ አምስት፣ በማግስቱ ሰባት፣ ነጫጭ እግር እያወጡ። የሷን ሳህን ጎን ለጎን አደረግነው። አሥራ ስድስት ቀን ሆኖታል። ከሰማንያው አንድም የለም። አንዱን በጥፍሬ ጫን ስለው ለስልሶ ውሃ ሆነ።

"ደውዪ" አልኳት።

"ነገ።"

"እስከ መቼ ነው ነገ? ሌላ ዘር የሚፈልጉበት ቀን እያለቀባቸው ነው እኮ። አንቺ ስታፍሪ ስምንት ቤት ባዶ መደብ እያጠጣ ነው።"

ክፉ ተናገርኩ፣ አውቄ ነው። ሶፋው ላይ፣ ያን ዕለት እጇን በያዝኩበት ቦታ ተቀመጠችና ስልኩን አወጣች። ነስረዲን መስጊድ ወጥቷል፤ መራመድ ጀምሮ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሌላ ጊዜ ከወንድሟ ጋር በስልጥኛ ነው የሚያወሩት፤ ያን ቀን እኔ ምስክር እንድሆናት ይሁን እንጃ በአማርኛ ጀመረች።

"ረሻድ፣ ዘሩን አበላሽቼዋለሁ። ሙቀቱ በዝቶበት ሞቷል። ያኔውኑ አውቄ ነው የሰጠሁህ። አትጠብቁት፣ አይበቅልም።"

ኡሙልኸይር ዓይኗን ጨፍናለች። ከስልኩ የመጣውን ድምፅ ልቅሶ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው።

"እህቴ፣ በቅሏል እኮ" አላት። "መደቡ አረንጓዴ ነው።"

"እንዴት ይበቅላል?"

"ላንቺ የላክነው ዋናውን አይደለም። ሰው ፈራ። ዘርን ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚከት ማን አለ? አንቺን ደግሞ እምቢ ማለት ነውር ሆነብን፤ ወር ሙሉ ለምነሽናል። ከእያንዳንዱ ቤት ጭብጥ ጭብጥ ላክንልሽና ዋናውን እዚሁ አስቀረነው። መደብ ላይ የዋለው እሱ ነው። እንዳይከፋሽ ብለን ነው ያልነገርንሽ።"

እሷን አየኋት። እፎይ ማለትና መዋረድ ባንድ ፊት ላይ እንዲህ ይመስላል ብዬ አላውቅም ነበር። እኔ ግን ምን ልደብቅ፣ ደስ አለኝ። ከጥፋቴ ነፃ የወጣሁ መሰለኝ። ያልታከመ ዘር መዝራታቸው፣ በሽታው ዘንድሮም አብሮ መብቀሉ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ኡሙልኸይር ግን ወደ ሌላ ነገር ሄዳ ነበር።

"ሁላችሁም ናችሁ ያስቀራችሁት?"

ረሻድ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

"ቢልቂስስ?"

"ቢልቂስ..." አለ። "እሷ ሁሉንም ነው የላከችው። አስቀሪ ብንላት 'አክስቴ አንዴ ካለች አለች' አለችን። ምን እናድርግ?"

"መደቧስ?"

"አልወጣም። የታጠበ ዘር ይዘገያል ብለናታል። የኛ ያልታጠበው መሆኑን... እንግዲህ አልነገርናትም።"

"ትርፍ ዘር አላችሁ?"

"ሁላችንም ዘርተን ጨርሰናል። ከገበያ ይፈለግላት ይሆናል፤ የማን ዘር እንደሆነ አይታወቅም እንጂ። ጊዜውም ሄዷል።"

ስልኩን ዘጋችው። "እኔ ልንገራት?" አልኳት። ቢልቂስን እወዳታለሁ፤ ደግሞ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ቁጥሩን ራሷ ፈለገች። ጣቷ ሁለቴ ሌላ ስም ላይ አረፈ።

ቢልቂስ ወዲያው አነሣች። ከበስተጀርባዋ የልጆች ድምፅና የባልዲ ኮሽታ ይሰማል።

"አክስቴ፣ ልደውልልሽ እያሰብኩ ነበር። አጎቴ ነስረዲን ተሻለው?"

"ተሽሎታል፣ አልሐምዱሊላህ።"

"የሰዉ ሁሉ ወጥቷል እኮ፣ ብታዪው ደስ ይልሻል። የኔ ብቻ ነው የዘገየው። ጥላ ይበዛበት ይሆን ብዬ ያለበስኩትን ሳር ከላዩ አነሣሁለት። ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ፣ ልጆቹም ያግዙኛል። ስንት ቀን ድረስ ልጠብቅ አክስቴ? አንቺ ታውቂዋለሽ ብዬ ነው።"

ኡሙልኸይር ወደኔ ዞር አለች። ሰው እንዲያድናት ያየችኝ መሰለኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው።

"ቢልቂስ፣ ዘርሽን አቃጥዬዋለሁ። እንግዳ መጣብኝና ድስቱን ትቼው ተቀመጥኩ። ከመደቡ ምንም አይወጣም። የሰዉ የወጣው እኔ ጋ ስላልላኩት ነው።"

ባልዲው መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። አንዱ ልጅ አንድ ነገር ጠየቃት። ኡሙልኸይር በሁለት እጇ ስልኩን ይዛ ትጠብቃለች። ስድብ ቢመጣ፣ ልቅሶ ቢመጣ ይቀላት ነበር።

"እሺ" አለች ቢልቂስ በመጨረሻ፣ በልጅነቷ እዚህ ቤት ስትላክ በምትለው ድምፅ። "ታዲያ ይሄን የቀዳሁትን ውሃ ላጠጣው ወይስ ይቅር?"